«ወይም አቻው»፡ የአንዲት ቅንፍ ታሪክ

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ሰውዬው ሳያወራ ሥራው ይናገርለት ማለቱ ነው። ሙያ የሚለው ቃላችን ራሱ ሆደ ሰፊ ነው። ወጥ አሳምራ የምትሠራ ሴት ባለሙያ ናት፤ አናጢው ባለሙያ ነው፤ ሐኪሙም እንዲሁ። የት ተማርክ፣ ወረቀትህ የታለ ብሎ የሚጠይቅ ቃል አይደለም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ይህንኑ ቃል ከመቶ ዓመት በላይ ሲያሰፋና ሲያጠብብ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው። በተለይም አንድ ሰው በአንድ ነገር ተመርቆ በሌላ ነገር ባለሙያ ከሆነ በኋላ፣ በዚያ ባገኘው ሙያ ተቀጥሮ አሜሪካ ለመግባት ቢፈልግ ሕጉ ምን ይለዋል የሚለውን ጥያቄ ነው የማነሳው።

ጥያቄውን ያመጣብኝ እንጀራዬ ነው። የምተዳደረው ማስረጃ በመተርጎም ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የታሪክ ምሩቅ ሆኖ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ፣ የባዮሎጂ ምሩቅ ሆና የባንክ ሒሳብ የምትመረምር፣ በቋንቋ ተመርቆ የመንገድ ሥራ የሚመራ ሰው ማስረጃ ይደራረባል። ዲግሪው አንድ ነገር ይላል፤ የሥራ ልምዱ ሌላ ይላል። እኔ ሁለቱንም እንዳሉ እተረጉማለሁ። የሚያስታርቃቸው ግን ሌላ ነው፤ የዚያን አስታራቂ ታሪክ ለማወቅ ስል ሕጉን ወደ ኋላ እየተከተልሁ ማንበብ ያዝሁ።

ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚደረሰው እ.ኤ.አ. 1885 ላይ ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ ማንም ቀጣሪ ከውጭ አገር ሰው ጋር አስቀድሞ የሥራ ውል ተዋውሎ እንዳያስመጣ ከለከለ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ፋብሪካዎችና የማዕድን ባለቤቶች በርካሽ የሚሠራ ጉልበተኛ በመርከብ እያስጫኑ የአገሬውን ሠራተኛ ደመወዝ ይሰብሩ ነበር። ሕጉ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ከክልከላው አወጣ፦ ተዋንያንን፣ ሠዓሊዎችን፣ ንግግር አቅራቢዎችን፣ ዘፋኞችንና የቤት አገልጋዮችን። ልብ በሉ፤ ቄስ የለበትም፣ መምህር የለበትም፣ ሐኪምም የለበትም።

ብዙም ሳይቆይ ሕጉ ቄስ ላይ ወደቀ። በኒውዮርክ የሚገኝ የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1887 ዋልፖል ዋረን የተባሉ ካህን ከእንግሊዝ አስመጣ። መንግሥት «ውል ተዋውላችሁ ሠራተኛ አስመጥታችኋል» ብሎ ከሰሰ፤ የሥር ፍርድ ቤትም ፈረደበት። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1892 ሲወሰን ዳኞቹ የሕጉን ፊደል ትተው መንፈሱን ያዙ። ኮንግረሱ ሊከለክል የፈለገው የጉልበት ሠራተኛን እንጂ ካህንን አይደለም አሉ። ኮንግረሱም በበኩሉ ቀድሞ በ1891 ሕጉን አሻሽሎ ካህናትን፣ የኮሌጅ መምህራንንና «በታወቀ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎችን» ከክልከላው አውጥቶ ነበር። ዛሬ ሰው የሚጨነቅበት ነገር ሁሉ ዘሩ የተዘራው እዚህች ሐረግ ላይ ይመስለኛል። የታወቀ ሙያ ማለት ምን ማለት ነው? ማንስ ነው የሚያውቀው?

የመጀመሪያው ፈተና ከሸንኮራ አገዳ እርሻ መጣ። ሉዊዚያና ውስጥ የሚገኝ የስኳር እርሻ ባለቤት ከውጭ አገር ኬሚስት አስመጣ፤ መንግሥት ከሰሰ። ሰውዬው የሚውለው ስኳር በሚፈላበት ቦታ ነው፤ ታዲያ ሠራተኛ ነው ወይስ ባለሙያ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ኬሚስትነት የታወቀ ሙያ ነው፣ የሚሠራበት ቦታ እርሻ መሆኑ ሙያውን አይሽረውም ሲል ፈረደ። ከሕጉ ሐረግ ውስጥ ዲግሪ የሚል ቃል አልነበረም። የሚጠየቀው ሰውዬው ምን ያውቃል፣ ምንስ ይሠራል የሚለው ነበር።

ከዚህ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት እዘላለሁ፤ የዚያ ዘመን ወሬ በአብዛኛው የኮታና የዘር ነው። በ1952 ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃውሞ በድምፅ ብልጫ አልፎ አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ አጸደቀ፤ የጊዜያዊ ሠራተኞች ምድብ የሆነው «ኤች» የተወለደው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ክፍሉ የተከፈተው «የላቀ ብቃትና ችሎታ» ላለው ሰው ነበር፤ ያውም ለጊዜያዊና ለተለየ ሥራ ብቻ። አሁንም ዲግሪ አልተጠቀሰም። ሥራው ራሱ ጊዜያዊ መሆን አለበት የሚለው ግዴታ በ1970 ተነሣ። ባለሥልጣኖቹም «የላቀ ብቃት» የሚለውን እያለዘቡ የተራውን ባለሙያ ደረጃ እንዲያካትት አደረጉት። ባለሙያ ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የ1965ቱ ሕግ ለሌላ ጉዳይ ያስቀመጠውን ዝርዝር ተዋሱ፤ አርክቴክት፣ መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ሐኪም፣ አስተማሪ። (የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ከቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር በአንድ መስመር መጻፉን ሳነብ ደስ ያለኝን መደበቅ አልፈልግም።) እነዚህን ሙያዎች የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው ተባለና መልሱ ዲግሪ ሆነ። ችሎታ የሚለው ቃል በሕጉ ላይ እያለ በሥራ ላይ ግን ወረቀት ተካው።

በ1988 የኢሚግሬሽን ኮሚሽነሩ የሰጡት አንድ ውሳኔ ገመዱን ይበልጥ አጠበቀው። ቀጣሪው «ዲግሪ ያለው ሰው እፈልጋለሁ» ማለቱ አይበቃም፤ ዲግሪው ለሥራው የተለየ ዕውቀት የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ሠራተኛዬ የተማረ ይሁን ከሚል ምኞት ብቻ የመጣ መስፈርት ሥራውን ሙያ አያደርገውም። እንደ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ያለ ጥቅል ስምም ብቻውን አያስኬድም ተባለ። «ዲግሪህ ምንድን ነው» የሚለው ጥያቄ «ዲግሪህ በምንድን ነው» ወደሚል ተለወጠ።

ከዚያ ኅዳር 20 ቀን 1983 ዓ.ም መጣ፤ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 29 ቀን 1990። እኛ እዚህ ከደርግ ውድቀት በፊት የነበሩትን የመጨረሻ ስድስት ወራት ስንቆጥር፣ ዋሽንግተን ውስጥ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አባትየው በአንድ ሕግ ላይ ይፈርሙ ነበር። ያ ሕግ ሁለት ልጆች ወልዷል። አንደኛዋን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ዲቪ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ለስንት ቤተሰብ ዕጣ እንዳወጣች፣ ስንት የፎቶግራፍ ቤት እንዳስከፈተች መናገር አያስፈልግም። ዲቪ የምትጠይቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስን ነው፤ ወይም ሁለት ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሥራ ላይ የሁለት ዓመት ልምድን። ሁለተኛዋ ልጅ ኤች-1ቢ ናት፤ በዓመት 65,000 ሰው ተወስኖላት የተወለደችና ቀጣሪ የሚያመለክትባት የባለሙያ የሥራ ቪዛ። የአንድ ሕግ ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። ትልቋ ትበለው ታናሿ፣ ኤች-1ቢ ወረቀት አገላብጣ የምታነብ ናት።

ሕጉ «የላቀ ብቃት» የሚለውን አሮጌ ሐረግ ከዚህ ቪዛ አውጥቶ ጣለው። (ሐረጉ በ1991 ተመልሶ ገብቷል፤ ግን ለፋሽን ሞዴሎች ብቻ። ዛሬ በኤች-1ቢ ያለ ዲግሪ የሚገባ ዝነኛ ሰው ቢኖር ልብስ ለብሶ የሚራመደው ነው።) በምትኩ «ልዩ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ» የሚል መጣ፤ ትርጓሜውም ሥራው «በዚያው ልዩ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ (ወይም አቻውን)» የሚጠይቅ መሆን አለበት የሚል ነው። ቅንፏ በሕጉ ውስጥ ያለች እንጂ እኔ የጨመርኳት አይደለችም። እንግዲህ ዲግሪው ከሥራው የማይገናኝ ሰው ሁሉ የሚገባው በዚህች ቅንፍ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር መሆኑን መለየት ይገባል፤ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው ስለ ሥራው ነው፤ ይህ ሥራ በእርግጥ የአንድ የታወቀ ትምህርት ዲግሪ ይፈልጋል ወይ? ሁለተኛው ስለ ሰውዬው ነው፤ ያንን ዲግሪ ይዟል ወይ? ካልያዘስ በሥራ ያካበተው ዕውቀት ያንን ዲግሪ ያህላል፣ በሙያውም ኃላፊነቱ እያደገ ሄዷል ወይ? የታሪክ ምሩቁ ፕሮግራመር በመጀመሪያው ጥያቄ አይወድቅም፤ ሥራው የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ የሚጠይቅ ከሆነ ሥራው አልፏል። ፈተናው ሁለተኛው ላይ ነው።

ልምድ በምን ይለካል? ደንቡ ቁጥር አወጣለት፤ ሦስት ለአንድ። ለጎደለ አንድ የኮሌጅ ዓመት ሦስት የሥራ ዓመት። ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው አራቱን ዓመት ለመሙላት አሥራ ሁለት ዓመት በሙያው መሥራት አለበት ማለት ነው። የሕንድ ምሩቃን ዲግሪያቸው በብዛት የሦስት ዓመት በመሆኑ የጎደለችውን አንድ ዓመት በሦስት ዓመት ሥራ ሲሞሉ ኖረዋል። በኛም አገር በ1990ዎቹ ዓ.ም የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ሲያጥር ተመሳሳይ ቀዳዳ ተከፍቷል። በሌላ ትምህርት የተመረቀ ሰው ደግሞ ከሁለቱ መካከል ይቆማል፤ የጋራ ኮርሶቹ ተቆጥረውለት የልዩ ሙያው ክፍል በሥራ ዓመታት ሊሞላለት ይችላል። ለምን ሦስት ሆነ? ለምን ሁለት ወይም አምስት አልሆነም? ቁጥሩ የድርድር ጠረጴዛ ሽታ አለው፤ ዕውቀት እንዲህ በክንድ ሲለካ ማየት ያስገርማል። ቢሆንም ቁጥር በመኖሩ አልከፋም፤ ከባለሥልጣን ፊት ይሻላል።

ከቁጥሩ በስተጀርባ ግን ጥቃቅን መቆለፊያዎች አሉ። ልምዱ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ዕውቀትን የጠየቀ መሆኑ መታየት አለበት። አብረውት የሠሩት፣ የበላይ አለቆቹ ወይም የበታቾቹ በዚያ ሙያ ዲግሪ ወይም አቻው ያላቸው መሆን አለባቸው። በሙያው መታወቁንም አንድ ነገር መመስከር አለበት፤ የሁለት አዋቂዎች ቃል፣ የሙያ ማኅበር አባልነት፣ ስለ እርሱ የታተመ ጽሑፍ፣ የሥራ ፈቃድ ወይም እንዲህ ያለ ነገር። የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅቶች መገመት የሚችሉት ትምህርትን ብቻ ነው። የሥራ ልምድን ለመገመት በዚያ ሙያ ለልምድ ክሬዲት የመስጠት ሥልጣን ያለው የኮሌጅ ሰው ያስፈልጋል፤ ኮሌጁም ልምድን የሚቆጥርበት ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል። ይህን ያላወቀ አመልካች ገንዘቡን ከፍሎ ያስገመተው ልምድ ዋጋ ሲያጣበት አይቻለሁ።

ወደ እኛ መሥሪያ ቤቶች ልምጣ፤ ነገሩ የሚከርረው እዚህ ነው። የኢትዮጵያ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል አንባቢዬ ያውቃል። ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ የሥራ መደብ ላይ በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው ሲሠሩ መቆየታቸውን፣ ከደመወዛቸውም ላይ ተገቢው የሥራ ግብር ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ መደረጉን እየገለጽን ይህን ማስረጃ በጠየቁት መሠረት ሰጥተናቸዋል። ከሠላምታ ጋር። ፊርማ፣ ቲተር፣ ማኅተም። በሺሕ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ተርጉሜአለሁ። ግብሩን ይነግሩሃል፤ ሰውዬው ምን ሲሠራ እንደነበር አይነግሩህም። ደብዳቤው የተፈለሰፈው ሰው ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ደመወዙ እንዲታወቅ ነው፤ የማዶው ደንብ የሚፈልገው ደግሞ ምን እንዳወቀ፣ ከማን ጋር እንደሠራ፣ ኃላፊነቱ እንዴት እንዳደገ ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች አንድ ስም አላቸው እንጂ አንድ ነገር አይደሉም።

የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ላንሳ። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት ሲጨርስ የመረጠው ሒሳብ ነበር፤ በነጥብና በኮታ ሲደለደል ታሪክ ደረሰው። በዚያ ዘመን የትምህርት ክፍል ምደባ ምን እንደነበር ያየ ያውቀዋል፤ ስምህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ያለህበትን ክፍል አንብበህ ትሄዳለህ። ተመርቆ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረ። እዚያ ኮምፒዩተር ሲገባ ማንም ሊነካው ስላልደፈረ እርሱ ነካው። መዝገቡን በሙሉ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ፤ ፕሮግራሙን ራሱ ጻፈ፤ ሌሎችንም አስተማረ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራ። ከውጭ አገር አንድ ቀጣሪ ሥራውን አይቶ ሲፈልገው ጠበቃው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ዘጠኙን ዓመት የሚዘረዝር ደብዳቤ።

መሥሪያ ቤቱ አልጻፈም። የሥራ መደቡ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ» ነውና ከመደቡ ውጭ የምንጽፈው የለም አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሰው ኃይል ኃላፊው ፋይሉን ከፍተው አሳይተውታል፤ ፋይሉ ላይ ያለው ያ ነው። የቀድሞ አለቃው በግላቸው ጥሩ ደብዳቤ ጻፉለት፤ እርሳቸው ግን ዲግሪያቸው በማኔጅመንት ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ ያለው አንድ ሰው አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮማ ሥራው ለእርሱ አይደርሰውም ነበር። እንግዲህ እዩት፤ ብቻውን ተምሮ ብቻውን መሥራቱ የችሎታው ትልቁ ማስረጃ ነበር፤ ደንቡ ዘንድ ግን ጉድለቱ ሆኖ ተቆጠረ። ጠበቃው ባናመለክት ይሻላል አለ። የአክስቴ ልጅ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ማታ ማታ የግል ኮሌጅ ገብቶ፣ ራሱ ካሠለጠናቸው ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተማረ። ዲግሪውን አገኘ። ቀጣሪው እስከዚያ አልጠበቀውም።

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ዘንድ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። በ2007 የቦስተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት በሮያል ሲያም ጉዳይ የ1988ቱን አስተሳሰብ አጸና፤ እንደ ቢዝነስ ያለ ጥቅል ዲግሪ በቂ ሊሆን ቢችልም ያንን ብቻ መጠየቅ ሥራውን ልዩ አያደርገውም አለ። በ2012 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ዳኛ በሬዚደንሻል ፋይናንስ ጉዳይ ሌላ መንገድ ያዙ፤ የሚፈለገው ዕውቀቱ ነው እንጂ የዲግሪው ስም አይደለም፣ የሥራ ስም ተጽፎበት የሚወጣ ዲፕሎማ ከስንት አንድ ነው አሉ። እኔ ከዳኛው ጋር ነኝ። የፕሮግራመሮች ነገር ራሱ እንደ ፔንዱለም ተወዛውዟል። በ2000 መጨረሻ ከነብራስካው የኢሚግሬሽን ማዕከል የወጣ ማስታወሻ ፕሮግራመርነትን በጥቅሉ ልዩ ሙያ አድርጎ ተቀበለ፤ በ2017 ማስታወሻው ተሻረ፤ በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት በኢኖቫ ጉዳይ የመንግሥትን አቋም ውድቅ አደረገ፤ በ2021 የ2017ቱ ራሱ ተሻረ። ኮታውም እንዲሁ ሲወጣና ሲወርድ ከርሟል፤ ከ65,000 ወደ 115,000፣ ከዚያም 195,000፣ በ2004 ተመልሶ 65,000፤ በኋላ በአሜሪካ ማስተርስ ለያዙ 20,000 ተጨመረ። ከ2007 ወዲህ በብዙዎቹ ዓመታት ማመልከቻው ከኮታው እየበለጠ በዕጣ ተለይቷል፤ ወረቀት አገላባጯ እኅትም በመጨረሻ እንደ ዲቪ ዕጣ ጎትታለች።

ጃንዋሪ 17 ቀን 2025 በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ለዲግሪና ለሥራ ዝምድና አዲስ መለኪያ አስቀመጠ። ዲግሪው ከሥራው ጋር «በቀጥታ የተያያዘ» መሆን አለበት የሚለውን ሲያብራራ በሁለቱ መካከል ምክንያታዊ ግንኙነት ካለ ይበቃል አለ። ዲግሪው ከሥራው ጋር አንድ ስም እንዲኖረው አልተጠየቀም። የ1988ቱ አስተሳሰብም አልተጣለም፤ ጥቅል ስም ያለው ዲግሪ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ አሁንም አያስኬድም። የሂሳብ ምሩቅ ፕሮግራመር ነገሩ ቀሎታል ማለት ይቻላል፤ የታሪክ ምሩቁ አሁንም ወደ ቅንፏና ወደ ሦስት ለአንዱ ይሄዳል።

ስምንት ወር ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለ12 ወራት የሚጸና ዐዋጅ አወጡ። ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው አዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻ የሚያቀርብ ቀጣሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል የሚያዝዝ ነው። ከዚያ ሳምንት በኋላ የልምድ ደብዳቤ ሊያስተረጉም የመጣ አንድ ወጣት፣ ግማሹን ከፍሎ የተተወ ወረቀቱን ይዞ ሄዷል፤ ቀሪውን ገጽ አሁን አልፈልገውም ብሎኛል።